ዙም እያደረጋችሁ የሰው ሥራ አትደብቁ

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ልጆች ሰሞኑን አንድ የቲመክስ ኮንፊግ ፋይል እየተቀባበላችሁ ነው። ለእኔም ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ «ቲቸር ይሄን ሞክረው፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው» እያለ። አየሁት። ንጹሕ ነው፣ አልካድኩም። ታች ያለችውን የስታተስ መስመር አጥፍቷታል፤ ከፔን ወደ ፔን ስትዘዋወሩም ዙሙ እንዳይለቅ አድርጎታል። በግል ላፕቶፓችሁ ላይ እንደፈለጋችሁ። መርካቶ የሰው ሰርቨር የምትጠብቁ ግን አውጡት። ዛሬውኑ።

ለማታውቁት ወዳጆቼ ባጭሩ፦ ቲመክስ አንዱን ጥቁር ስክሪን ከፋፍሎ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዷ ክፍልፋይ ፔን ትባላለች። ኔትወርክ ተቋርጦ ከሰርቨሩ ብትወጡ እንኳ ሥራው እዚያው ይቀጥላል፤ እኛ አገር ይሄ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ኮንትሮል ቢ ተጭናችሁ ዜድ ስትነኩ ደግሞ አንዷ ፔን ስክሪኑን ሙሉ ትይዛለች። ሌሎቹ አልተዘጉም። እየሠሩ ነው፣ አይታዩም እንጂ።

ዙምን እንደ ግል መነጽር የምታዩት ብዙ ናችሁ። አይደለም! ዙም የሚያዘው በመስኮቱ ላይ ነው፣ በተመልካቹ ላይ አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ሴሽን ላይ ገብቶ አንዱ ዙም ቢያደርግ የሌላውም ስክሪን አብሮ ዙም ይሆናል። ዙም አድርጋችሁ ወጥታችሁ ብትሄዱም ቀጥሎ የሚገባው ሰው የሚያገኘው እናንተ የተዋችሁትን ነው።

ሰባተኛ አካባቢ አንድ ጨርቅ አስመጪ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። የቀኑ ልጅ አዲስ የገባውን ዕቃ ወደ ስቶክ የሚመዘግብ ስክሪፕት አንዷ ፔን ላይ አስነሣ። ሌላዋ ፔን ላይ ሎግ ሊያይ ዙም አደረገና እንደዚያው ትቶት ወጣ። ማታ ተረኛው ገባ። የሚታየው የሌላ ፕሮግራም ሎግ ብቻ ነው። የስታተስ መስመሩ ስለጠፋ ዙም መሆኑን የምትናገረው ካፒታል ዜድ የለችም። ቀስት ነካ፤ ሦስተኛዋ ባዶ ፔን መጣችለት፣ እሷም ስክሪኑን ሞልታ። «አልተጀመረም ማለት ነው» ብሎ ስክሪፕቱን ደግሞ አስነሣው።

ሲነጋ ሲስተሙ እያንዳንዱን ጣቃ ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ከደሴ የመጣ ደንበኛ «አለ» ተብሎ ቀብድ ከፈለ፤ መጋዘን ሲገባ ግማሹ የለም። ቀብዱ ተመለሰለት። ሰውየው ግን ተመልሶ አልመጣም። ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ ዱቤ በሚሰጥበት ሰፈር «አለ» ብሎ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

«ስክሪፕቱ ራሱ ድግግሞሽ መከላከል ነበረበት» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ነበረበት። ታዲያ የእናንተ ስክሪፕቶች ሁሉ ይከላከላሉ? እስቲ በሐቅ።

ቲመክስ ላይ ዙም የመጣው በ1.8 ነው፣ በፈረንጆቹ 2013። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ ሌላ ፔን ስትሄዱ ዙሙ ይለቃል፣ ሁሉም ፔን ፊታችሁ ይመጣል። ይሄ የሚያናድዳቸው ሰዎች ስላሉ በ2020 በወጣው 3.1 ላይ ዙሙን ይዞ የሚዘዋወር አማራጭ ተጨመረ። አማራጭ ነው ያልኩት፤ ነባሩ ጸባይ አልተቀየረም፣ ደግም አደረጉ። ያ የሚያናድዳችሁ መልቀቅ ዱባይ ተራ ያለ ባለሱቅ ለአንዱ ደንበኛ ሸሚዝ እየዘረጋ በመሃል ቀና ብሎ ሱቁን የሚቃኘው ዓይነት ነገር ነው። ማታ የገባው ልጅ ነባሩ ቅንብር ቢኖረው ኖሮ አንድ ቀስት ሲነካ ስክሪፕቱ ሲሠራ ያየው ነበር።

አንድ ፔን ሁልጊዜ ዙም ሆኖ ካስፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ዙም ሳይሆን የራሱ መስኮት ነው። ኮንትሮል ቢ፣ ከዚያ ቃለ አጋኖ፤ ፔኗ ተነጥላ መስኮት ትሆናለች፣ ስሟም ታች ይጻፋል። ሞኒተር አክቲቪቲ የሚባለውን ብታበሩት ደግሞ እናንተ ሌላ መስኮት ላይ እያላችሁ እዚያ ነገር ሲንቀሳቀስ ስሟ አጠገብ የሃሽ ምልክት ይወጣል። ረጅም ሥራ ሲያልቅ ደወል እንዲያሰማ ማድረግም ይቻላል፤ በመርካቶ ጩኸት መሃል ማን እንደሚሰማው እንጃ እንጂ።

ስለዚህ ከዚያ ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር ሰርዙልኝ፦ ስታተስን የሚያጠፋውን መስመር፣ እና ቀስቶቹን ከዙም ጋር ያሰሩትን አራት መስመሮች። ከሰርቨሩ ከመውጣታችሁ በፊትም ያቺ ዜድ ታች ካለች አንድ ጊዜ ንኩና ዙሙን ልቀቁት። ቀለሞቹን አትንኩ፣ ቀለሞቹ ያምራሉ።