ጥያቄው ተመለሰ፤ ግን ወዴት?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ግሥ ነው። በቅርቡ በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ውኃ በመጥፋቱ የተቸገሩ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «የኔ ጌታ፣ ውኃው መቼ ነው የሚመጣልን?» ሲሉ ጠየቁ። መድረኩን የያዙት ኃላፊ ስለ ከተማው ዕድገት፣ ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ስለ ውኃው አንዳች ቃል አልተነፈሱም። እኔ ጥያቄውን ብደግመው፣ «ይህ አጀንዳ ማስቀየሻ ነው» ተባልኩ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን፣ «የውኃ ጥያቄ ተነሥቶ ተመልሷል» ይላል።

ጸሐፊው ዋሸ ለማለት አልደፍርም። አማርኛችን «መለሰ»ን ከአንድ በላይ ለሆነ ሥራ ያውለዋል። ለጠያቂው የጠየቀውን መንገር መመለስ ነው። አዝመራ ውስጥ ሊገባ ያለን ከብት ማገድም መመለስ ነው። የእኒያ እናት ጥያቄ የተመለሰው እንደ ከብቱ ነው፤ አዝመራው ሳይነካ ወደ መጣበት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመሬት ጥያቄ፣ የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ የዴሞክራሲ ጥያቄ ስንል የኖርን ሰዎች፣ ሥልጣን የያዘ ሁሉ «የሕዝቡ ጥያቄ ተመልሷል» ሲል ስንሰማ የትኛውን መመለስ እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ፊቱን ያዞረ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንዳዞረ ይታወቃል። ያዘናጋ ሰው ግን ዓይናችንን ወደ ሌላ ነገር አይወስድም፤ ሰዓቱ እስኪያልፍ ድረስ ያላላናል እንጂ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው የተዘናጋን ሰው ነው። «ጠለፈ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረን ነገር ለራስ ጥቅም መሳብ ነው። ገበሬ ለመስኖው ወንዝ ይጠልፋል፤ ወንበዴ አውሮፕላን ይጠልፋል፤ ፖለቲከኛ የሌላውን ጩኸት ይጠልፋል። «አዛወረ» የቢሮ ግሥ ነው፤ ሠራተኛንም በጀትንም ካሉበት ያነሣል። «ቀየሰ» የቀያሽ ግሥ ነው፤ መስመር መዘርጋት ነው። ከዋናው ጎዳና የሚገነጠለውን መንገድ «ቅያስ» የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው።

እነዚህ ሁሉ ባለቤት የሚሹ ግሦች ናቸው። የመግለጫው አማርኛ ግን ሁሉንም ትቶ «የትኩረት አቅጣጫው ተቀይሯል» ማለትን መርጧል። ማን ቀየረው? ከምን? ወደ ምን? «ተቀየረ» ባለቤቱን የደበቀ ግሥ ነው። ተጠያቂ እንዳይኖር የሚፈልግ ሁሉ የሚወደውም ስለዚህ ነው።

ይህ የሰዋስው መምህራን ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው ካለ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ያን ዕለት የዓባይ ወንዝ በግድቡ ግንባታ ምክንያት ከተፈጥሮ መሄጃው ወጥቶ በጎን በተዘጋጀለት ቦይ እንዲያልፍ ተደረገ። ቦዩ ወንዙን ግንባታውን አሳልፎ ከቀድሞ መስመሩ ጋር መልሶ የሚያገናኝ ነበር፤ ወደ ሌላ አገር የተወሰደ ውኃ አልነበረም። በየመገናኛ ብዙኃኑ የተደጋገመው ቃል ግን «የዓባይ አቅጣጫ ተቀየረ» የሚለው ነበር። «ቀየረ» እና «ቀየሰ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በትርጉም ግን ሰፊ ርቀት አላቸው። የተቀየረ ነገር ሌላ ሆኗል፤ በቅያስ የሄደ ግን ዞሮ ከዋናው መንገድ ሊገጥም ይችላል። ወሬው ዐረብኛ ሲደርስ «ታሕዊል» ሆነ። እኛ ለገንዘብ ከምንጠቀምበት «ሐዋላ» ጋር ሥሩ አንድ የሆነ፣ ማዛወርንም ማስተላለፍንም የሚያመለክት ቃል ነው። በሳምንቱ፣ ግንቦት 26 ቀን፣ የግብጽ ፖለቲከኞች በፕሬዚዳንት ሙርሲ ሰብሳቢነት ተቀምጠው፣ በቀጥታ እየተላለፉ መሆናቸውን ሳያውቁ፣ ግድቡን ስለ ማሰናከልና የኢትዮጵያን ተቃዋሚዎች ስለ መደገፍ ሲመክሩ ዓለም አያቸው። ጠቡን ቃሉ ወለደው አልልም፤ ጠቡ ከ1929 እና ከ1959 እ.ኤ.አ. ውሎች ጀምሮ የኖረ ነው። ሆኖም ለሥጉ ጆሮ የተዛወረ ወንዝ ምስል ማቀበል ብልኅነት አልነበረም።

ለዚያ ሥራ የተመረጠው ቀን ደግሞ ኢሕአዴግ የድል በዓሉን የሚያከብርበት ዕለት ነበር። በእኔ እምነት በአንድ ጠዋት ሁለት ነገር ተቀየሰ፤ ወንዙና ዓይናችን። ወንዙ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ መሄጃው ተመልሶ በግድቡ ውስጥ ማለፍ ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ዓይናችንስ ተመልሷል?

አሁን ወደዚያች «አጀንዳ ማስቀየሻ» ወደምትባል ክስ ልምጣ። ስለ ኑሮ ውድነት የጠየቀ ከሰላም አስቀየሰ ይባላል፤ ስለ ጦርነት የጠየቀ ከልማት አስቀየሰ ይባላል። ክሱ ራሱ ግን ምን ሠራ? ጥያቄውን ትቶ ስለ ጠያቂው ዓላማ እንድንከራከር አደረገን። ከዚህ የበለጠ ማስቀየስ ከወዴት ይመጣል?

በመንግሥት ብቻ ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። በተቃውሞው ጎራ ያለነውም፣ በውጭ አገር ሆነው የሚጽፉትም ይህችኑ ቃል እንደ ጋሻ እንይዛታለን። አንድ አንባቢ፣ «በእገሌ አካባቢ ስለተገደሉት ስትጽፍ፣ በወዲያኛው ስላለቁት ለምን ዝም አልህ?» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። «አጀንዳ አታስቀይስ» ብዬ መለስኩለት። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው አላስቀየሰኝም፤ ማየት ወዳልፈለግሁት ነገር ፊቴን ሊያዞረኝ ሞከረ እንጂ። ጥያቄውን እንደ ከብት የመለስኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱንም አለብኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነው። መግለጫ ስታነቡ ከእያንዳንዱ «ተቀየረ»፣ «ተዛወረ» እና «ተመለሰ» አጠገብ ማን፣ ምንን፣ ከምን፣ ወደ ምን ብላችሁ ጻፉ። ባዶ የቀረው ቦታ የተሸሸገውን ያሳያችኋል። እኔም በሚቀጥለው የሰፈራችን ስብሰባ እጄን አውጥቼ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም እጠይቃለሁ። መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ የውኃ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ኃላፊው መልስ አልሰጡም።

ቸር ይግጠመን።