ሕያው ድንጋይ በብርድ አይላክ

ድንጋይ ይሞታል ወይ? የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ አሜሪካኖች «ሕያው ድንጋይ» የሚሉት ይሞታል። የኮራል አጽም ነው፤ በቀዳዳዎቹ ባክቴሪያ፣ ትላትልና አልጌ ይኖሩበታል። የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት እየለወጠ ገንዳውን ለኑሮ የሚያመቸው ያ ባክቴሪያ ነው።

ከፍሎሪዳ ሚኒሶታ ድረስ ሲላክ ውኃ ውስጥ አይደለም። በራሰ ጋዜጣ ተጠቅልሎ (የእኛ ሙያ እዚህም አለች!)፣ በፕላስቲክ ተቋጥሮ፣ በፎም ሣጥን ይታሸጋል። ሲሞቅ ይሄ ይበቃል። በጃንዋሪ ግን 25 ዲግሪ የለመደው ፍጥረት ከዜሮ በታች በሆነ ደጃፍ ላይ ሊውል ይችላል። ሻጮች የሙቀት ከረጢት እንጨምርበታለን ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ከረጢቱ የሚሞቀው አየር ሲያገኝ ስለሆነ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይደክማል፤ ድንጋዩን ከነካው ደግሞ ይቀቅለዋል። በመንገድ የሞተው ገንዳ ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያው ይንርና ጦሱ ለዓሣው ይተርፋል። ገንዘብ እንመልሳለን ማለት ይሄንን አይመልስም።

በፍሎሪዳ ዳርቻ፣ በፌዴራል ውኃዎች የተፈጥሮውን ማውጣት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለተከለከለ፣ አርቢዎች ተራ ድንጋይ ባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ሕይወት እስኪይዝ ዓመታት ይጠብቃሉ። ታዲያ ገዢው እስከ ኤፕሪል መጠበቅ ያቅተዋል እንዴ? የቸኮለ ካለ ብርድ የማይጎዳውን ደረቅ ድንጋይ ይግዛ፤ ባክቴሪያው በሳምንታት ውስጥ ይራባበታል።