ስለ አውቶሞቢል ኪራይ፤ ከመፈረም አስቀድሞ ሒሳብን ማመዛዘን እንዲገባ

በቅሎ የሚከራይ ባላገር ዋጋዋን ብቻ ጠይቆ መንገድ አይጀምርም። ስንት ቀን እንደምትቆይ፥ እስከ ምን ድረስ እንደምትሄድ፥ ቀለቧን ማን እንደሚችል፥ ጀርባዋም ቢገጥብ ዕዳው በማን ላይ እንደሚሆን አስቀድሞ በሰው ፊት ይነጋገራል። ዛሬ ግን ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቶሞቢልን ያህል ነገር ሲከራዩ የወሩን ክፍያ ብቻ ተመልክተው ይፈርማሉ። ይህም የሚያሳዝን ነገር ነው።

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖር የእኅታችን ልጅ ባለፈው ወር ሁለት የዋጋ ወረቀት ላከልን። ሁለቱም ሊዝ ለሚባለው የረዥም ጊዜ ኪራይ ሲሆኑ፥ አውቶሞቢሉም አንድ ዓይነት፥ ዘመኑም 36 ወር ነው። ልጁ ከደመወዙ ከፍሎ ለእናቱ የመድኃኒት መግዣ በየወሩ የሚልክ ነውና፥ «ጋሼ፥ ፊተኛው በወር 70 ዶላር ስለሚቀንስልኝ እርሱን ልፈርም አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀን። እኛም «ሒሳቡን እስክንመረምር ድረስ እጅህን ሰብስብ» ብለን መለስንለት።

የፊተኛው ወረቀት የወር ክፍያ 299 ዶላር ነው። ነገር ግን በፊርማው ቀን የመጀመሪያውን ወር ጨምሮ 3,999 ዶላር ያስከፍላል፤ አውቶሞቢሉ ሲመለስም 395 ዶላር ይጠይቃል። የሁለተኛው የወር ክፍያ 369 ዶላር ሲሆን፥ በፊርማው ቀን የመጀመሪያውን ወር ጨምሮ 1,069 ዶላር፥ በመመለሻውም 350 ዶላር ነው።

እንግዲህ በፊርማው ቀን የሚከፈለውን፥ የቀሩትን 35 ወሮችና የመመለሻውን ዋጋ ብንደምር፥ ፊተኛው 14,859 ዶላር፥ ሁለተኛው 14,334 ዶላር ሆነ። ርካሽ መስሎ የታየው ገና ከአሁኑ በ525 ዶላር በለጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፊተኛው በዓመት 10,000 ማይል ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ማይል 25 ሳንቲም ያስከፍላል። ሁለተኛው 12,000 ማይል ይፈቅዳል። ልጁ ለሥራው በዓመት 12,000 ማይል ይነዳልና፥ በሦስት ዓመት ትርፉ 6,000 ማይል፥ ዕዳውም 1,500 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ የፊተኛው ድምር 16,359 ዶላር ደረሰ። ለ36 ወር ሲካፈል ፊተኛው በወር ከ454 ዶላር በላይ፥ ሁለተኛው ወደ 398 ዶላር ገደማ ነው። ልጁ 70 ዶላር አተርፋለሁ ሲል በወር 56 ዶላር ሊከስር ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ዋጋን የሚያመዛዝን ሰው ሁለቱን ወረቀቶች አስቀድሞ በአንድ ልክ ያስተካክል፤ አንድ ዓይነት አውቶሞቢል፥ እኩል ወር፥ እኩል ማይል፥ እኩል ቅድሚያ ክፍያ ይሁን። ግብሩም በአንደኛው ተጨምሮ በሌላው ተትቶ እንዳይሆን ይጠይቅ። ከዚህም በቀር የአውቶሞቢሉ ዋጋ ስንት ተብሎ እንደ ተቈረጠ፥ በኪራዩም ፍጻሜ ቀሪ ዋጋው ስንት ተብሎ እንደ ተገመተ ይመርምር፤ የወር ክፍያው የሚወጣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነትና ከወለዱ ነውና። ወለዱንም ነጋዴዎቹ መኒ ፋክተር በሚሉት በትንሽ ቍጥር ይጽፉታል፤ ይህ ቍጥር በ2,400 ሲባዛ የዓመቱ ወለድ በመቶኛ ይገኛል። 0.0025 ተብሎ ቢጻፍ 6 በመቶ ማለት ነው።

ብዙ ቅድሚያ መክፈልም የወሩን ክፍያ ያሳንሳል እንጂ ዕዳን አያጠፋም። አውቶሞቢሉ በፊተኛው ወር ቢሰረቅ ወይም ተጋጭቶ ፈጽሞ ቢጠፋ፥ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

በአሜሪካ በ1976 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው የኪራይ ሕግ አከራዩ በፊርማ ቀን የሚከፈለውን፥ የወሩን ክፍያና ጠቅላላ ድምሩን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። የወለዱን ልክ በመቶኛ እንዲገልጥ ግን አያስገድደውም። ስለዚህ ሕጉ ወረቀቱን ይሰጠናል፤ ማንበቡና መጠየቁ የእኛ ፋንታ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ነንና፥ «ሳላነብ ፈረምሁ» የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያለቅስ እናውቃለን። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንዲጸና አድርጎአል። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ጸጸት የዳኛን እጅ አይመልስም።

ልጁም ምክራችንን ተቀብሎ የፊተኛውን ነጋዴ፥ «በዓመት 12,000 ማይል ፈቅደህ፥ ቅድሚያውንም እንደ ሁለተኛው አድርገህ እንደ ገና ጻፍልኝ» ቢለው፥ ነጋዴው የወሩን ክፍያ ከ400 ዶላር በላይ አድርጎ አመጣለት። ያን ጊዜ እውነቱ ታየ፤ ልጁም ሁለተኛውን ፈረመ። ለእናቱ የሚልከውም ገንዘብ አልጎደለም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገባ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ደምሩት። የአንድ ምሽት ሒሳብ የሦስት ዓመት ጸጸትን ያስቀራል።