በጉን እንዳስሳለን፣ ራሳችንን ግን

ፍኖተ ሰላም ገበያ የዋሸራ በግ የሚገዛ ጎረምሳ ዓይኑን ብቻ አያምንም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል። ለዘር የሚፈልገው ከሆነ ቆለጡንም ይዳስሳል፤ አንዱ አብጦ ወይም ጠጥሮ ካገኘው ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። ይኸው ጎረምሳ የራሱን ገላ እንዲህ ዳስስ ቢባል ፊቱን ያዞራል። «ቆለጥ» የሚለውን ቃል እንኳ ለእንስሳ ካልሆነ አንጠራውም። ስለ ካንሰር በተወራ ቁጥር የጡቱና የማኅፀን በሩ ሲነሣ (መነሣቱም ተገቢ ነው) የወጣት ወንዶቹ በዝምታ መታለፉ ያበሳጨኛል።

የዘር ፍሬ ካንሰር እርጅናን አይጠብቅም፤ ይበልጥ የሚይዘው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ ያሉትን ነው። ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ አተር የሚያህል ጠጣር ነገር ብቻ ይሆናል። በሞቀ ውኃ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሲላላ እያንዳንዱን ፍሬ በጣቶች መካከል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ይበቃል። ከበስተኋላ የሚዳሰሰው ለስላሳ ነገር የተፈጥሮ ነው፤ የሚያሰጋው ፍሬው ላይ የወጣ ጠጣር እብጠት ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ከመቶው ከ90 በላይ ይድናሉ። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ25 ዓመቱ፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በሽታው ሳንባውና አንጎሉ ገብቶ ነበር፤ የተረፈው በከባድ ሕክምና ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ከጥቁር አንበሳ በቀር ባልነበረበት አገር፣ ከቡሬ ገጠር የሚነሣ ልጅ ያን ያህል መዘግየት አይችልም።

ሃይማኖት ይከለክላል የሚሉ አሉ። ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ታልሙድ ወንድ ብልቱን በእጁ እንዳይነካ አጥብቆ ስለሚያስጠነቅቅ ሕጉን የሚያጠብቁ አይሁድ ወጣቶችም ይቸገራሉ። ነገር ግን በዚያው ሕጋቸው ነፍስ ማዳን ከሞላ ጎደል ትእዛዛትን ሁሉ ይቀድማል። በእኛ ዘንድ ፍሬው የተቀጠቀጠ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የሚያዝዘውን ዘዳግም 23፥1ን የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ፣ አንዱ ፍሬ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ክህነት እንዳይቀርበት ሊሰጋ ይችላል። ሠለስቱ ምእት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ባወጡት በመጀመሪያው ቀኖና፣ ታሞ ሐኪም የቆረጠው በክህነቱ እንዲጸና፣ ጤነኛ ሆኖ ራሱን የሰለበ ግን እንዲወገድ ወስነዋል። አባቶች ከ1,700 ዓመት በፊት የፈቱትን እኛ በነውር አሥረነዋል። ልጅ መውለድም ቢሆን፣ የቀረው ፍሬ ጤነኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

በአፍሪካ ይህ ካንሰር ከአውሮፓ ያነሰ ነው የሚለው ሙግት እውነት ነው። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ባለሙያዎች ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2011 ምልክት ለሌለው ሰው መደበኛ ምርመራን አልመከረም። እኔም በየወሩ የግድ ይዳሰስ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ወጣቱ ገላውን ይወቅ፤ እብጠት ያገኘም አንድ ዓመት ሙሉ አይደብቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስንል የኖርነው እኛው ነን። ጸበል ይበቃል ለሚሉም፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምረዋል።

ለእናቱም ለሚስቱም የማይናገር የጃቢ ጠህናን ወጣት ለንስሐ አባቱ ይናገር ይሆናል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ካህናቱን ቀድመው ያግኙ። አባ «ልጄ፣ ጸበሉን አትተው፤ ነገ ግን ሆስፒታል ሄደህ ታይ» ካሉት፣ ልጁ ማልዶ መንገድ ይጀምራል።