በረኛ ከየት ይወጣል?

በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበው ሰው የእኛን አገር በረኛ ይመስላል፤ ሜዳውን ኹሉ ፊት ለፊት የሚያይ እርሱ ነው። ከቀላቢዎቹ ስመ ጥር የኾነው ዮጊ ቤራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ለኒው ዮርክ ያንኪስ ቢፈርምም፣ በዋናው ቡድን የተሰለፈው በ1946 ነው። መካከሉን በታናናሽ ቡድኖችና በባሕር ኃይል አሳለፈው።

ምሳሌው ከእኛም አይርቅም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ዘሪሁን ታደለ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ ገባ። በዐሥር ሰው የቀረው ቡድናችን ያለፈውን ዋንጫ ከወሰደችው ዛምቢያ ጋራ 1 ለ 1 ተለያየ። ተጠባባቂው አስቀድሞ ባይዘጋጅ ኖሮ ምን ይኾን ነበር?

እንግዲህ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበትን የመተማን፣ የቋራንና የምዕራብ አርማጭሆን ቆላ እናስብ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ስፖርት ለነገ ይደር» ማለት ይቀላል። ዳሩ ግን በረኛ በአንድ ቀን አይገኝም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ቢያመጣም፣ የቆላው ልጅ እዚያ የሚደርሰው በየደረጃው የሚወጣበት መሰላል ሲኖረው ነው፤ ይኸውም የቀበሌና የወረዳ ውድድር፣ የታዳጊዎች ቡድን፣ በረኛን ለይቶ የሚያስተምር አሠልጣኝ ነው።

ስለዚህ በገንዳ ውሃም ኾነ በሌላ ስፍራ በጀት የምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንት፣ ለአሸናፊው ከሚሰጠው ሽልማት አስቀድማችሁ ለጀማሪው ልጅ የሚኾነውን ጓንትና ሜዳ አስቡ።