ሽመልስ የት ይሰለፍ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ጓደኛሞች ሻይ ለመጠጣት ተቀምጠን ነበር። ሻዩ መጣ፤ ስኳሩም ተማሰለ፤ ነገር ግን ማንም ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ። ምክንያቱም አንዱ ወዳጄ ብርጭቆውን እንደ ጨበጠ፣ «ለመሆኑ የሽመልስ በቀለ እውነተኛ ቦታው የት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ኳስ ወዳዶች በተሰበሰቡበት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሣት በደረቅ ሣር ላይ ክብሪት እንደ መጣል ነው።

ጠያቂው መልሱን ራሱ ሰጠ። «ከአጥቂዎቹ ጀርባ ነዋ! ከግቡ በራቀ ቍጥር እኮ ያ እግር በከንቱ ይባክናል» አለ። ሁለተኛው ወዳጄ፣ «እዚያማ ሲቆም ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ በሁለት ጕልበተኞች መካከል ታፍኖ ይውላል፤ ወደ ኋላ ወርዶ ጨዋታውን ከሥሩ ቢያነሣው ኖሮ ሌላ ቡድን ይኖረን ነበር» ሲል ተቃወመ። የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ የአዋሳ ልጅ ነው። ትሪውን እንደ ያዘ ቆሞ፣ «በክንፍ በኩል ለቀቅ ቢያደርጉትስ?» አለና የእኛን ወገንነት ለማወቅ ፊታችንን ተራ በተራ ተመለከተ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ «የምን ቦታ! እኛ አገር ጎበዝ መባል ቀላል ነው» አለና ጋዜጣውን መልሶ ከፍ አደረገ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔን ከሁሉ ይልቅ የቈጨኝ የዚህ የመጨረሻው ሰው ንግግር ነው። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር።

ሽመልስ በአዋሳ የበቀለ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ የታወቀ፣ ከዚያም ወደ ግብፅ ተሻግሮ በፔትሮጄት ቡድን ዓመታት የተጫወተ፣ የብሔራዊ ቡድናችንንም የአምበልነት ጨርቅ በክንዱ ያሰረ አማካይ ነው። የግብፅ ሊግ ለውጭ አገር ተጫዋች የሚፈቅደው መቀመጫ በቍጥር የተወሰነ ነው። የነዳጅ ኩባንያ ቡድን ደግሞ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም፤ ያችን የተቈጠረች መቀመጫ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ዓመት በዓመት የሚሰጠው ለምሕረት ብሎ አይደለም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ በሽመልስ ነገር ግን ተረቱ ተገልብጦ፣ ባለዕዳው የተቀበለውን አሞሌ እኛ ባለቤቶቹ እያቀለልን እንገኛለን። ስለዚህ ችሎታ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ክርክር በዚሁ ልተወው። አስቸጋሪው የቦታው ነገር ነው።

ስለ ቦታ ስንከራከር የምናነሣቸው ማስረጃዎች ባለ ሁለት አፍ ናቸው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጨዋታው የእኛ የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ ነገር ግን የአፍሪካን መመዘኛ ያሟላ ሜዳ ስላልነበረን በማላዊ ከተማ በሊሎንጉዌ አደረግነው። (እንግዳን በሰው ቤት ተቀብሎ ማሸነፍ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ ሌላ ቀን ልጽፍበት አስቤአለሁ።) የመጀመሪያውን ጎል ዳዋ ሆቴሳ፣ ሁለተኛውን ሽመልስ አገቡ። እነሆ፣ ያንን አንድ ጎል ሁለቱም ወገን ምስክር አድርጎ ይጠራዋል። አንደኛው «ይኸው! ለግቡ ሲቀርብ የሚሆነውን አያችሁ?» ይላል። ሁለተኛው «ይኸው! ፊቱን ወደ ግቡ አዙሮ ሲጫወት የሚሆነውን አያችሁ?» ይላል። ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል የሚመሰክር ምስክር በየትኛው ችሎት ይሰማል? ያገባውን እያየን፣ ከማግባቱ በፊትና በኋላ በነበሩት ሰማንያ ምናምን ደቂቃዎች የት እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ሸፈነው፣ እርሱስ ማንን እንደ ሸፈነ ልብ ብሎ የተከታተለ ቲፎዞ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ከእነዚያው አንዱ ነኝ።

ችግሩ ከቋንቋችንም የመጣ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ «ቦታ» ማለት የቆሙበት መሬት ብቻ አይደለም፤ ማዕረግም ነው። ሰው በመሥሪያ ቤቱ ቦታውን ይይዛል፤ ቦታውን ይቀማል፤ ከቦታው ይወርዳል። ይህንኑ አነጋገር ሳይቀየር ወደ ሜዳ ይዘነው ገባን። ስለዚህ አሥር ቍጥር ለብሶ ከአጥቂ ጀርባ መቆም ሹመት ሆነ፤ ሃያ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ደግሞ ሽረት ሆነ። አሠልጣኙ አንድን አማካይ ወደ ኋላ ሲያወርደው፣ ተመልካቹ «ምን አጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ታየበት?» ብሎ አይጠይቅም።

በጣልያን አገር የሆነውን ልጥቀስ። አንድሬያ ፒርሎ በወጣትነቱ ከአጥቂዎች ጀርባ የሚጫወት ልጅ ነበር፤ በኢንተር ሚላን ግን ቦታ አልተገኘለትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በውሰት ወደ ብሬሻ ተላከ። እዚያ ደግሞ ያን የሚወደውን ሥፍራ የያዘው ሮቤርቶ ባጆ ነበር፤ ባጆን ማን ያነሣዋል? አሠልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ልጁን ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ብሎ ከተከላካዮች ፊት ለፊት አቆመው። ከዚያም ኤሲ ሚላን ሲገባ አንቸሎቲ በዚያው በጥልቁ ሥፍራ አጸናው። ያ «የተሻረ» ልጅ በ2006 ከጣልያን ጋር የዓለምን ዋንጫ አነሣ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚደንቀኝ የማዞኔ ብልኀት ብቻ አይደለም። ፒርሎ ቦታውን ያገኘው በራሱ እግር ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ባጆ ስለ ነበረ መሆኑ ነው። የአንድ ተጫዋች ቦታ በጎረቤቶቹ ይወሰናል፤ እንደ ቤት ነው፤ ግድግዳው የጎረቤትም ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው የሰውነት ቢሻው ቡድን ሲነሣ ሳላዲን ሰኢድን፣ አዳነ ግርማን፣ ጌታነህ ከበደን፣ ሽመልስንም እንጠራለን። በዚያው ቡድን መካከል አስራት መገርሳም፣ ምንያህል ተሾመም፣ አዲስ ሕንጻም ነበሩ። «አስራት የት ይሰለፍ?» ብሎ ሻዩን ያቀዘቀዘ ሰው አይቼ አላውቅም። የምንያህል ስም የገነነው እንኳ ሁለት ቢጫ ካርድ ይዞ ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ፣ ሦስት ነጥብ በተቀነሰብን ጊዜ ነው፤ ያውም ጥፋቱ የጽሕፈት ቤት ጥፋት እንጂ የእግር ጥፋት አልነበረም። ኳስ ነጥቆ ለሌላው የሚሰጥ ሰው በአገራችን የሚታወቀው ሲያጠፋ ብቻ ነው ማለት ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ሳስብ ይህ ይበልጥ ይታየኛል። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳላዲንም ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበር። በዐሥር ሰው አንድ ጎል ተቈጠረብን፤ በዚያው በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አስቈጥሮ 1 ለ 1 ወጣን። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ በጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት፤ የማስታውሰውም የጎሉን ጩኸት ብቻ ነው። ዐሥር ሰው በቀረበት ሜዳ ላይ ግን «ቦታዬ ይህ ነው» ብሎ የሚኰራ አማካይ ሊኖር አይችልም፤ አንድ ሰው የጐደለበትን መሬት ለመሸፈን ሁሉም መሮጥ አለበት። ያ አንድ ነጥብ የተገኘው ከጎሉ ብቻ አይደለም፤ ማንም ካላጨበጨበለት ሩጫ ጭምር ነው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ይህን ስናገር አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ በ54ቱ ጊዜ ሉቺያኖ የት ይሰለፍ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም» አሉ። «እርስዎ ነበሩ እንዴ ጋሼ?» አልኋቸው። «ከአጥር ውጭ ነበርሁ፤ ጩኸቱን ሰምቻለሁ» ብለው ሣቁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ ማለታቸው ነው፤ የዛምቢያው ጨዋታም ልክ በ51ኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት መዋሉን ስነግራቸው አማተቡ። በዚያ ቀን ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ሳለ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር አቻ ያደረገን አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 አለቀ። ሽማግሌው ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አልፈርድም፤ የድሮ ክርክር ሲያረጅ ይረሳል፤ ዋንጫው ብቻ ይቀራል። የ54ቱ ቲፎዞም የራሱ የቀዘቀዘ ሻይ ሳይኖረው አይቀርም።

የእኔ ፍርድ ምንድን ነው ብትሉኝ እነሆ። ሽመልስ ከአጥቂው ጀርባ ተተክሎ ኳስ እስኪመጣለት ከሚጠብቅ ይልቅ፣ ከኋላው አንድ ጠንካራ ነጣቂ ቆሞለት ከመካከል እየተነሣ ቢደርስ ይሻለው ነበር እላለሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ወዳጄ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹን የሚያጣው ግን «ወደ ኋላ ይውረድ» ሲል ከጎኑ ማን እንደሚቆም ሳይናገር ስለሚቀር ነው። አጭር ቅብብል የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ኳስ በመሬት ሲንሸራሸር ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ኳሱ ከእጃችን ሲወጣ ማን ይመልሰው የሚለውን አንጠይቅም። ጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ከባለቤቷ ጋር ስንጫወት በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ አግብቶ መራን፤ ጨዋታው ግን 4 ለ 1 አለቀ። አራት ጎል የሚገባበትን ቡድን «አሥር ቍጥሩ ማን ይሁን» በሚል ክርክር ማዳን አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን ሽመልስ አይደለም። እርሱ ሠላሳውን የተሻገረ፣ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ነው፤ የእኛ ክርክር ምንም አያጐድልበትም። ያስጻፈኝ የዐሥራ ስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። በሠፈራችን ቡድን ውስጥ አብዶኛ ተብሎ ይሞገሳል። ከወር በፊት አሠልጣኙ ከአጥቂ ጀርባ አንሥቶ ከተከላካዮች ፊት አቆመው። በዚያ ቀን ወደ ቤት ሲመጣ ጫማውን ከደጅ ጥሎ፣ እራት ሳይበላ ተኛ። አባታችን ነገሩን ሲሰሙ፣ «ምን ብታጠፋ ነው ያወረዱህ?» ሲሉ ጠየቁት። አባቴ ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ እርሳቸውም እንደ እኔ፣ እንደ ሻይ ቤቱ ሁሉ ነው የተናገሩት። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ልምምድ አልሄደም።

እኔም የፒርሎን ታሪክ አንድ በአንድ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ባጆ የት አለ ታዲያ? በእኔ ቦታ የገባው እኮ የአሠልጣኙ ጎረቤት ነው» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እንዲህም ሊሆን ይችላል፤ ሹመትና ሽረት የለመደ አገር ልጅ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ቢሆንም በዚያ ሰሞን ሄጄ የቡድኑን ጨዋታ ከዳር ቆሜ አየሁ። ወንድሜ በሌለበት ቡድኑ መካከሉ ባዶ ነበር፤ ኳስ በጠፋ ቍጥር ተጋጣሚው በቀጥታ እስከ ግብ ይደርስ ነበር። ያየሁትን ማታ ነገርሁት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ።

ባለፈው ሳምንት ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ጭቃውን ሲያራግፍ አየሁት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ አለው። የት እንደሚሰለፍ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።