እባብ ያለበት ቤት እጁን ይታጠብ

በዳላስና በፎርትዎርዝ ልጆቻቸው «እባብ ይገዛልን» ብለው ያስጨነቋቸው ወላጆች አይጠፉም። እባቡ ቤት ከገባ ቀለቡ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የሞተ አይጥ ነው። በረዶ ግን ሳልሞኔላ የተባለውን ተውሳክ አይገድልም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በበርካታ የአሜሪካ ስቴቶች ሰዎች ከዚሁ ቀለብ ጋር በተያያዘ ታመዋል። ስለዚህ አይጡ የክትፎ ሥጋ ከሚቀመጥበት ፍሪዘር ይለይ። የሚቀልጠውም ከወጥ ቤት ውጭ፣ በታሸገ ፕላስቲክ፣ ለሌላ በማያገለግል ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ በሞቀ ውሃ ለብ ይደረግ። የምግብ ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይነካው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይራቁ። አይጡንም እባቡንም የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በሚጎራረስ ቤተሰብ የአንዱ እጅ የሁሉም አፍ ይደርሳልና።